የአቶ ዘርጋው አዲሱ መጋዝ

አቶ ዘርጋው የሚባሉ ባለጠጋ፣ ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን ማገዶ ሊያስቆርጡ ብለው በቤንዚን የሚሠራ አዲስ መጋዝ ገዙ። ሰንሰለቱን የገጠሙትም፣ ሞተሩ እስኪያገሳ ድረስ ካርቡራተሩን ያስተካከሉትም ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ አንድ እንጨት ቆራጭ አስጠሩና፣ «የእኔ መጋዝ ከአንተ አሮጌ መጋዝ ይሻላል። እኔ የገጠምኩትን እንዳትነካካ! ይህን ግንድ በእሱ እስከ ምሳ ካልቆረጥክ፣ አሮጌውን እወስድብሃለሁ» አሉት።

ሰውየው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ አሮጌ መጋዝ ነው። ስለዚህ አማተበና ሞተሩን አስነሣ። መጋዙ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው፤ ግንዱ ግን ጨሰ እንጂ አልተቆረጠም። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ሰንሰለቱ ተገልብጦ ተገጥሞ ጥርሱ ወደ ኋላ ዞሯል።

ምሳ ሲደርስ አቶ ዘርጋው ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ።

«በል ተናገር! ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የአንተ?»

ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ እጅ ነሣ።

«ኧረ የግንዱ ነው፣ ጌታዬ! እኛ እርስዎ ሲጮኹብን እሺ ብለን እንታዘዛለን። ይሄ ባለጌ ግን ጩኸት አይገባውም፤ ጥርስ ካልነከሰው ንቅንቅ አይልም። የእርስዎ መጋዝ ጥርስ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶታል።»

ዘመድ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዘርጋውም የአሮጌውን መጋዝ ነገር ዳግም ሳያነሡ፣ መፍቻ ፍለጋ ወደ ቤት ገቡ።