ጃርት ያላለችው ኮሽታ

ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ ተረት ከአንድ ማሽላ ማሳ ዳር የመጣ ነው። መጨረሻውን ለብዙ ዓመት ደብቄዋለሁ፤ ዛሬ ግን እያፈርኩም ቢሆን እናገረዋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ማሽላው ታጭዶ ጠባቂው ከማማው በወረደ ጊዜ፣ አንዲት ጃርት ነበረች። ዓይን አፋር ናት፤ ግጥም ግን ትወዳለች። ዥግሮች እየቀደሟት የወደቀውን ማሽላ ለቅመው ይጨርሱባት ነበር።

«በግጥም አስፈራርቼ አባርራቸዋለሁ» አለች።

በመጀመሪያው ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ገጠመች፦

አውሬ መጣ፣ አውሬ መጣ፣
ጥፍረ ረጅም፣ ዓይኑ የወጣ!

ዥግሮቹ በሳቅ ፈነዱ። «ዓይኑ ከወጣማ በምን ያየናል?» አለች ነቁጤ የምትባለው ዥግራ።

ጃርት አፍራ ማማው ሥር ተደበቀች። ማማው ላይ የወፍ ማባረሪያ የነበረች ደረቅ ቅል ተንጠልጥላ ቀርታለች፤ ፍሬዋ በሆዷ ይንኳኳል።

«እሜት ቅል፣ አንቺን ለምን ይፈሩሻል?»

«ማን እንደሆንኩ ስለማልነግራቸው ነዋ! አውሬውን አትጥሪው፣ ልጄ። ኮሽታውን ብቻ አሰሚያቸው። አውሬውን ራሳቸው ይሠሩታል።»

በሁለተኛው ቀን ጃርት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ገጠመች፦

ኮሽ… አለ ከሣሩ፣
ቀጭ… አለ ከዳሩ፣
እፍ… አለ ከጆሮሽ ሥሩ።

ዥግሮቹ ብርር ብለው ጠፉ። ጃርት እስክትጠግብ በላች። ነቁጤ ብቻ ቀስ ብላ ተመለሰች።

«አንቺ ጉደኛ! አንቺ ነሽ ለካ! ላባዬ እስካሁን እንደቆመ ነው። ነገም ድገሚልኝ፤ ለማንም አልናገርብሽም።»

ጃርትን ከተወለደች ጀምሮ ያመሰገናት አልነበረም። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ከማሳው ዳር ካለ ቋጥኝ ኋላ ግን ሸለምጥማጥ ተኝቶ ያዳምጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጃርት ገጠመች፤ ዥግሮቹ ሸሹ፤ ሁለቱ ወዳጆች ጎን ለጎን መልቀም ጀመሩ።

ከሣሩ ኮሽ አለ።

«እሰይ! ይኸኛው ከትናንቱ ይበልጣል!» አለች ነቁጤ፣ ቀና ሳትል።

ጃርት አፏን አልከፈተችም ነበር። «እኔ አይደለሁም» ልትል ፈለገች። ምስጋናው ጣፈጣት፤ ዝም አለች።

ከዳሩ ቀጭ አለ።

«ወይ አንቺ! እንዲህ ማስመሰሉን ማን አስተማረሽ?»

የጃርት እሾህ ቆመ። «ነቁጤ፣ እኔ አይ…»

እፍ አለ፣ ከነቁጤ ጆሮ ሥር።

ከዚያ በኋላ የቀረው ላባ ነው። ጥቂት፣ ነጠብጣብ ያለበት።

«ኮሽታውን አስተማርኩሽ» አለች ቅል ከላይ። «የእኔ አይደለም ማለትን ግን አላስተማርኩሽም።»

ለልጆች ስተርት «ነቁጤ ብርር ብላ አመለጠች» እላለሁ። አላመለጠችም። እኔም ያልሠራሁትን ሲያመሰግኑኝ ዝም ያልኩበት ቀን ስላለ ነው የደበቅኩት።

ጃርት ግን ከዚያ ወዲህ በሄደችበት ሁሉ እሾኋን ታንኳኳለች፤ የእሷ ድምፅ የትኛው እንደሆነ ወዳጅ ሁሉ እንዲለይ። ያልሠራችሁትን ሲያመሰግኗችሁ ቶሎ ተናገሩ፤ ነቁጤን የገደላት የአንዲት እፍታ ያህል ዝምታ ነው።

ተረቴ እዚህ አለቀ፤ ኮሽታው ከእናንተ ጋር ይደር።