ወደ ሩቅ ኮከብ የዘገየው መልስ

አንድ ቻይናዊ የቴሌቪዥን ድራማ ዳይሬክተር ነበር፤ ስሙ ዌንቦ ይባላል። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አዛውንቱ ደራሲ መምህር ሹ በተከታታይ ቅጾች የጻፉትን የጠፈር ልቦለድ ለቴሌቪዥን ማብቃት። ልቦለዱ ትንሽ ሴት ልጁን ምድር ላይ ትቶ ወደ ሩቅ ኮከብ ስለሚጓዝ አባት ይተርካል። አባትየው ከመንኮራኩሩ ሆኖ «ልጄ፣ አሁንም ታስታውሺኛለሽ?» የሚል መልእክት ይልካል። ከርቀቱ የተነሳ መልሱ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው።

ዌንቦ በወጣትነቱ ይህን ሲያነብ አልቅሷል። ያኔ የተሰማው ነገር ሌላውም ሰው እንዲሰማው ይፈልግ ነበር።

ዕድል ቀናውና ቀረጻው ተጀመረ። መንኮራኩሩ አማረ፣ ከዋክብቱ አማሩ፣ ለተዋናዮቹም እንከን አልተገኘላቸውም። ዌንቦ ግን ተቀነባብሮ ያለቀውን ሥራ ደጋግሞ ቢያየው ልቡ አልነካ አለ። አባትየው ይጠይቃል፣ ልጅቷ ትመልሳለች፣ አለቀ። ከመጽሐፉ አንዲት ቃል እንኳ አልቀነሰም። ታዲያ ያ የሚወደው ነገር የት ገባ? ያጣውን ነገር ስሙን እንኳ አያውቀውም፤ ብቻ ክፉኛ ናፈቀው።

ቢቸግረው ቀረጻውን ይዞ መምህር ሹ ቤት ሄደ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ተመለከቱት።

«መምህር፣ ምን አጎደልኩ?» አላቸው።

«ሁለተኛውን ቅጽ አንብበህ ስትጨርስ ምን አደረግህ?» ብለው ጠየቁት።

«ወደ መጽሐፍ መደብር ሮጥኩ። ሦስተኛው ገና አልታተመም አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠበቅኩ። እየተመላለስኩ ሻጩን አሰለቸሁት። በሄድኩበት ሁሉ፣ ልጅቷ ምን ብላ ትመልስለት ይሆን እያልኩ...» ብሎ ንግግሩን አቋረጠ።

ነገሩ ያኔ ገባው። ጥያቄው ያለው በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ነው፤ መልሱ ደግሞ በሦስተኛው መጀመሪያ። በመሃል ያሉት ዓመታት መጽሐፉ ውስጥ የሉም፤ የኖራቸው አንባቢው ነው። ዌንቦ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲሠራ እነዚያን ዓመታት ረስቷቸው ነበር።

ተመልሶ የልጅቷን መልስ ቆረጠውና በሚቀጥለው ዓመት ለሚታየው ምዕራፍ አቆየው። የድርጅቱ ሰዎች ተመልካች ያሳጣናል ብለው ተቆጡ። የቴሌቪዥን ሰው ጥበቃ አይወድም። ድራማው መልሱን ሳያሳይ ሲያበቃ ተመልካቹም ዌንቦን ሲሰድበው ከረመ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ግን ስለ ልጅቷ ይጠይቀው ጀመር።

አንድ ቀን መምህር ሹ ስልክ ደወሉ።

«ለመሆኑ ልጅቷ መለሰችለት?»

«መምህር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት?»

«የጻፍኩትንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «ግን ያንን አባት መልስ ሲጠብቅ ካየሁት ወዲህ እኔም አብሬው እየጠበቅኩ ነው። ተው፣ አትንገረኝ።»

ዌንቦ አልነገራቸውም። ስልኩን ከዘጋ በኋላ በወጣትነቱ እንዳለቀሰው አለቀሰ።

የምንወደውን ነገር ለሌላ ሰው ስናስተላልፍ፣ የጠበቅንበትን ጊዜ እንደ ትርፍ ነገር ቆርጠን እንጥለዋለን። ፍቅራችን ያደገው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ያልናፈቅነው ነገር እጃችን ሲገባ ይቀልብናል። እናንተስ፣ ለልጆቻችሁ የፈለጉትን ሁሉ በጠየቁበት ቅጽበት ስትሰጧቸው፣ ምን እየወሰዳችሁባቸው እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ?