ጃርቷን ማን ያሳድጋት?

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ፣ ስሙ በተረሳ አንድ ቆላ አገር የሰደድ እሳት ተነሥቶ ጫካውን በላው። እሳቱ ሲበርድ ሰባት ግልገሎች ያለ እናት፣ ያለ አባት ቀሩ። የአገሩ ሽማግሌ አባ ዔሊ ሁሉንም ሰብስበው በእርጅና አቅማቸው ያዟቸው። ግን እስከ መቼ? ጉባኤ ጠሩና ከሁሉ የከፋትን፣ ትንሿን ጃርት፣ መሀል አቆሟት።

«ይቺን ልጅ ማን ያሳድጋት?»

«እኔማ ባሳደግኋት፣ ግን ጎጆዬ ጠባብ ናት» አለች ጥንቸል።

«እኔማ ባሳደግኋት፣ ግን እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም» አለ ድኩላ።

«እኔማ ባሳደግኋት፣ ግን እሾኋ ያስፈራል» አለ ከርከሮ፣ ያን የሚያህል ክራንቻውን ገትሮ!

እመት ሚዳቋ ከሁሉም ኋላ ቆማለች። ልቧ «እኔ አለሁ» ይላታል። ግን ወልዳ አታውቅም። «ምን አውቄ ነው የማሳድጋት?» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ይሄኔ ጦጢት ከዛፍ ላይ ዘላ ወረደች። «እኔ አለሁላት! ልጅ ማሳደግ ምን ያቅታል? ማቀፍ ነው፣ ማጉረስ ነው፣ በቃ!»

ጉባኤው እልል አለላት። ጦጢትም እልልታ ነፍሷ ነውና ጃርቷን እየጎተተች ሰፈር ለሰፈር ዞረች። «እዩልኝ፣ ያነሣኋትን ልጅ እዩልኝ!»

ቤቷ ስትገባ ሾላ አቀረበችላት። ልጅቷ አልበላም አለች። «ብዪ እንጂ!» ብላ ጥብቅ አድርጋ ስታቅፋት፣ ልጅቷ ደንግጣ እሾኋን አቆመች። ጦጢት መዳፏን ተወጋች። «ውለታ ቢስ!» ብላ ጎትታ ከደረቀ ወንዝ ውስጥ ጣለቻት።

ሚዳቋ ከአሸዋ ሥር ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ስትወርድ የለቅሶ ድምፅ ሰማች። በአሸዋው ላይ የጅብ ዱካ አለ። ጃርቷ ድንጋይ ሥር ተሸጉጣ እሾኋን እንዳቆመች ታለቅሳለች።

ሚዳቋ አልነካቻትም። ራቅ ብላ ተኛችና «ምን ትበያለሽ፣ ልጄ?» አለቻት።

ልጅቷ አፍንጫዋን ብቅ አድርጋ «ሥር» አለች። «እናቴ ሥር ትቆፍርልኝ ነበር።»

ሚዳቋ ቅጠል በል ናት፤ ቁፋሮ አታውቅም። ሰኮናዋ እስኪላጥ ቆፈረችና አንዲት ሥር አወጣች። ልጅቷ በልታ እናቷን እየጠራች አለቀሰች። ሚዳቋ «ዝም በይ» አላለችም። «አልቅሺ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለቻት።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ቀን ጃርቷ ራሷ ተነሥታ መጣችና እሾኋን አስተኝታ ሚዳቋ ጎን ተጋደመች። ሚዳቋ እንዳታስደነግጣት ትንፋሿን እንኳ ቀስ አድርጋ ተነፈሰች።

ጉባኤው ዳግም ሲሰበሰብ አባ ዔሊ «ጦጢት፣ ልጅቷስ?» አሏት።

«አክስቷ መጥታ ወሰደቻት። እያለቀስኩ ሸኘኋት!»

«አክስት የለኝም» አለ ትንሽ ድምፅ ከሚዳቋ ኋላ። «ወንዝ ውስጥ የጣልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ጦጢት ዛፍ ለዛፍ እየዘለለች ከአገር ጠፋች።

አባ ዔሊ ወደ ሚዳቋ ዞሩ። «አንቺ ሳትወልጂ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም፣ አባቴ። እሷን ጠየቅኋት፤ የማላውቀውን ነገረችኝ።»

መጀመሪያ ጥንቸል፣ ቀጥሎ ድኩላ፣ ኋላም ከርከሮ እያፈረ ወደ ሚዳቋ ቀረበ። «ልጅ ሲያኮርፍ ምን ይደረጋል? ሲፈራስ?» እያሉ ጠየቋት፤ የምታውቀውን ያህል አስረዳቻቸው። ክረምቱ ሳይገባም የቀሩት ስድስቱ ግልገሎች ሁሉ ቤት አገኙ።

ለዚህ ነው «ወላጅ በምጥ፣ አሳዳጊ በትዕግሥት» የሚባለው።