የሃይድሮጅኑ ምርቃት

አንድ ባለሥልጣን ከነፋስ በቀር ውሃም መብራትም ወደማያውቅ የቆላ ቀበሌ፣ የአረንጓዴ ሃይድሮጅን ፋብሪካ መሠረት ሊጥሉ መጡ።

«ከሩቅ ያለውን ወንዝ በቧንቧ ስበን፣ ከነፋሱ መብራት አመንጭተን፣ ከውሃው ጭስ የሌለው ነዳጅ እናወጣለን! ክልሉ ይበለጽጋል!» አሉ።

አንዲት ምላሰኛ አሮጊት ተነሡ። «ውሃውና መብራቱ ለእኛስ መቼ ይገባል?»

«መጀመሪያ ለሃይድሮጅኑ! የተረፈው ይደርሳችኋል። ይልቅ እማማ፣ ማማረሩን ይተዉና ይመርቁን!» ብለው ማይኩን አስያዟቸው።

አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ። «ሥራችሁን ለፍሬ ያብቃላችሁ!»

«አሜን!» አሉ ባለሥልጣኑ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ጮክ ብለው።

«ነፋሱን አያጓድልባችሁ!»

«አሜን!»

«እኛንም ሃይድሮጅን አድርጎ ውሃና መብራት ያሳየን!»

ሕዝቡ ሳቁን ለማፈን አፉን ሲይዝ፣ ባለሥልጣኑ ብቻቸውን፣ እንደ ለመዱት ጮክ ብለው፣ «አሜን!» አሉ።