የጠገበው ቀይ

አንድ ሰው ነበረ፤ እጀታ ይሠራ ነበር። «ሦስቱም ልጆቼ ከቤቴ ወጡ፤ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ልጅነቱ ክፉ ነበር። እናቱና አባቱ በአንድ ዓመት ሲሞቱ፣ እሱንና ታናሽ ወንድሙን አየልኝን ክር ቀለም የሚነክር አንድ ሰው ወሰዳቸው። ዘመድ ነኝ ብሎ ነው የወሰዳቸው። ትልቁ በዚያ ቤት ስምንት ዓመት ከቀለም በርሜል አጠገብ ቆመ። ቀለሙ ከሥርና ከቅርፊት ተቀቅሎ የሚወጣ ቀይ ነበር። ክሩ ደብዘዝ ብሎ ከወጣ ጌታው በዱላው በርሜሉን እየመታ «አጥግበው!» ይላል። ክሩ ተመልሶ ይነከራል፤ ቀለም ይጨመርበታል፤ እስኪጠግብ ድረስ ይቆያል። ልጁ ይህን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ይሰማ ነበር። እሱን ግን ያጠገበው ሰው አልነበረም። ምሳው የጌታው ልጆች የተዉት ነው፤ ካልተዉ የለም። ከተገኘውም ለአየልኝ ያካፍላል።

ከዚያ ቤት ሲወጣ ይዞ የወጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ወንድሙ፣ ሌላው የቀዩ አሠራር። አሠራሩን ማንም አላስተማረውም። ጌታው የሚቀምመው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ልጁ ግን እያሸተተ፣ እየቀመሰም ለየው። «ይህን ማንም አልሰጠኝም፤ ማንም አይወስድብኝም» ይል ነበር። ስለዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ ሲናገር የሰማው የለም።

ካደገ በኋላ የእንጨት ሥራ ለመደ። ቶርኖ አቆመ፤ የቢላዋ፣ የማጭድ፣ የምርኩዝ እጀታ ይሠራ ጀመር። ጥሩ እንጨት እየጠፋ ሲሄድ ወደ ሬዚን ዞረ። ሬዚን እንደ ማር የሚወርድ ፈሳሽ ነው። ማጠንከሪያ በሚዛን ተለክቶ ይቀላቀልበትና ቅርጽ በሚሰጠው ፎርማ ውስጥ ይፈስሳል፤ በማግስቱ እንደ ቀንድ የጠነከረ ዘንግ ሆኖ ይወጣል፤ ዘንጉ ቶርኖ ላይ ታስሮ ይላጋል። አየልኝ ይመዝናል፣ ያማስላል። ታላቁ ቀለሙን ይጨምርና ያፈስሳል። ቀለሙን ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም።

መጀመሪያ የጨመረው ጥቂት ጠብታ ነበር። ዘንጎቹ ጠነከሩ፤ እጀታዎቹ ሮዝ ሆነው ወጡ። ያየ ሁሉ «ይህን ቀለም ከየት አመጣኸው?» ይለው ጀመር። በዕድሜው ሙሉ ሰው ያመሰገነው በዚህ ብቻ ነው። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ገና ምን አይተው! ሳይጠግብ እኮ ነው» አላት።

በሐምሌ አንድ የዓይነ ስውራን ማኅበር ለአባላቱ አርባ የምርኩዝ እጀታ አዘዘው። ሰውየውም ቀዩን አጠገበው። በማግስቱ ፎርማው ሲከፈት ዘንጎቹ ደም መስለዋል፤ ግን አልጠነከሩም። ጣት ሲጫናቸው ይሰረጉዳሉ፤ እጅ ላይ ይጣበቃሉ።

«ብርዱ ነው» አለ። ክረምት ስለነበረ ነገሩ የማይመስል አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ከሰል አነደደ፤ ሳምንት ሙሉ ጠበቀ። ዘንጎቹ እንደ ሰም ለሰለሱ እንጂ አልጠነከሩም። በሚቀጥለው ጊዜ አየልኝ ክንዱ እስኪዝል አማሰለ። ያም እንደ ፊተኛው ሆነ። «ሚዛኑ ዋሽቶን ነው» ብሎ ከጎረቤት ሌላ ሚዛን ተዋሰ፤ ሁለቱም እኩል መዘኑ። ፎርማውን በሳሙና አጠበ። የሬዚኑን ሻጭ ሱቁ ድረስ ሄዶ ሰደበው፤ ሻጩም አዲስ ጀሪካን ለወጠለት። በየመሀሉ ደግሞ በክር ቤት የለመደውን አደረገ። አልይዝ ያለ ነገር ሁሉ ያልጠገበ ይመስለው ስለነበር፣ ባፈሰሰ ቁጥር ቀዩን ትንሽ ትንሽ ጨመረ።

አንድ ቀን አየልኝ ማማሰያውን ይዞ ቆመ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንዱን ያለ ቀለም ብናፈስሰውስ?»

«ለምን ተብሎ?»

«ለማየት ነዋ። ያልነካነው እሱን ብቻ ነው።»

«አንተን ያሳደገህ ይህ ቀለም ነው፤ ታውቃለህ?»

«ያሳደግኸኝማ አንተ ነህ» አለ አየልኝ እየሳቀ። «ቀለሙማ ሁለታችንንም አቆሸሸን እንጂ።»

ታላቁ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑ ከወንድሙ እጅ ላይ አልነሣ አለ። ሲመዝን ያየዋል፤ ክዳን ሲከድን ያየዋል። በሦስተኛው ቀን የማጠንከሪያውን ጀሪካን አነሣና ቀለለው። ስንት ጊዜ አፍስሰው ስንት ጊዜ እንደጣሉ አላሰበም። በቅድሚያ የመጣለት የአየልኝ ፊት ነው። ወደ ደጅ ጎትቶ አወጣው፤ ጎረቤቶቹ፣ ብየዳ ቤቱም ፀጉር ቤቱም፣ እየሰሙ ጮኸበት።

«ማጠንከሪያውን እየቀነስክ ለሰው ትሰጣለህ! ስትመዝን የጎደለውን በውሃ ትሞላዋለህ!»

«እኔ? ወንድም ጋሼ፣ በእናታችን!»

«እናታችንን አትጥራብኝ። ሌባ!»

አየልኝ ሽርጡን አውልቆ አጠፈና ከቶርኖው ላይ አኖረው። ከዚያ ሄደ።

«ኧረ ጋሼ፣ ጥራው! ወንድምህ እኮ ነው!» አለው በያጁ።

«ሌባ ወንድም የለኝም» አለ።

አሁን ሚዛኑንም ማማሰያውንም ራሱ ያዘ። በገዛ እጁ መዘነ፤ በገዛ እጁ አማሰለ። ዘንጉ እንደ በፊቱ ተጣበቀ። እዚህ ላይ ልቡ ሊመለስ ይገባ ነበር፤ አልተመለሰም። «አበላሽቶት ነው የሄደው» አለ።

ነሐሴ ሲጋመስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ ምርኩዛቸውን እየመቱ መጡ። ሰውየው ከሁሉ የቀላውን ዘንግ መርጦ ሰጣቸው። በአውራ ጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት።

«እጄ ላይ የቀረው ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው አባባ። እንዲህ ያለ ቀይ በአገሩ የለም።»

«ለማን ነው?»

«እንዴት ለማን?»

«አርባችንም አናይም እኮ፣ ልጄ!» ብለው ሳቁ። «የምንጨብጠው ነገር ነው ያዘዝንህ። በል የእኔን ያለ ቀለም አድርግልኝ።»

ነገሩ ስድብ ሆነበት። ከሄዱ በኋላ በንዴት ያንኑ ጀሪካን አነሣ፤ በዚያው ሚዛን መዘነ፤ ከሰል ሳያነድ በዚያው ብርድ ውስጥ አፈሰሰው። «እንደ ውሃ ፈዝዞ ይውጣላቸው» አለ።

በማግስቱ ፎርማውን ከፈተ። ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ መታው፤ ኳ አለ። እንደገና መታው። ሲሚንቶው ላይ ወረወረው፤ ነጥሮ በያጁ ደጃፍ ድረስ ሄደ። ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ።

አየልኝን ሲያፈላልግ ወር አለፈ፤ በመስከረም መጨረሻ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል አሉት። ሁለት ቀን ተጉዞ ቆላ ወረደ፤ ከአጫጆች መካከል ነዶ ሲያስር አገኘው። ከስቷል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ቀለሙ ነበር» አለው።

«አውቃለሁ» አለ አየልኝ።

«በድዬሃለሁ። ሰው በሰማበት ቦታ ቆሜ እናገራለሁ። ተነሥ፣ እንሂድ።»

አየልኝ ነዶውን አስሮ ጨረሰ። «ብርዱን ሳምንት ጠበቅኸው» አለ። «ሚዛኑን በሌላ ሚዛን አመሳከርከው። ሻጩ እንኳ ሁለተኛ ጀሪካን አገኘ። እኔን በአንድ ጠዋት ጨረስከኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። አብሬህ ግን አልሠራም። ነገ ደግሞ አንድ ነገር እምቢ ይልሃል፤ ያኔ ዓይንህ ወደ እጄ ይመጣል።» ማጭዱን አንሥቶ ወደ ማሳው ገባ። ታላቁ በመጣበት መንገድ ብቻውን ተመለሰ። አርባውን እጀታ ያለ ቀለም ሠርቶ አስረከበ፤ ሁሉም ጠነከሩ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ።

ከጧት ጀምሮ ስለ ልጆችህ ስትነግረኝ ቆይተሃል። ትልቁን ጓደኛ አበላሸው አልክ። ሴቷን እናቷ አሞላቀቀቻት አልክ። ለሦስተኛው ያገኘህለት ምክንያት ትምህርት ቤቱ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ እያነሣህ መዘንክ። በመሀል ግን ስለ ራስህ አንድ ነገር ነገርከኝ፤ «እኔ አንዴ የተናገርኩትን አላጥፍም፤ አገር ያውቀኛል» አልከኝ። ከጧት ጀምሮ ፈገግ ያልከው ይህን ስትል ብቻ ነው።

ይህን ጽናት በምን መከራ እንዳገኘኸው አልጠይቅህም። በቀላሉ አላገኘኸውም፤ ምናልባት በሕይወት ያቆየህም እሱ ነው። ነገር ግን ክር የሚያጸናው ሁሉ ሬዚንን አያጸናም። ልጆችህ እምቢ ባሉህ ቁጥር የጨመርክባቸው ይህንኑ አይደለም ወይ? ሰው ከመወንጀልህ በፊት የምትመሰገንበትን ነገር አንድ ጊዜ ተወውና እይ። ጥፋቱ እዚያ ላይሆን ይችላል። ግን አንድም ቀን አላየኸውም።

እጀታ ሠሪው ጥፋቱን አገኘ፤ ወንድሙን ግን መልሶ አላገኘም። ሴቷ ልጅህ ስትደውልላት እስከ ዛሬ ስልኩን ታነሣለች ብለኸኛል። እስከ መቼ እንደምታነሣ እኔ አላውቅም።