ኤልዳና አልነሳም ያለችበት ጠዋት

ጆሮ ያላችሁ ወዲህ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ቤት ረስታችሁ የመጣችሁ ካጠገባችሁ ሰው ተዋሱ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አፀደ ሕፃናት፣ የሻረግ የምትባል አዲስ አስተማሪ ነበረች። አርባ ልጆች ታስተምራለች። ከሷ በፊት የነበሩት አስተማሪ ልጆቹን የሚያስነሱትም የሚያስቀምጡትም በልምጭ ነበር። የሻረግ ግን በገባችበት ቀን ልምጩን ለዳይሬክተሩ መልሳ፣ «ልጆች፣ እኔ አልመታችሁም» ብላ ቃል ገባች። ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው። ከደስታቸው ብዛት አንድ ቀን እንኳ ተነስተውላት አያውቁም።

ዳይሬክተሩ አቶ ምሕረቴ ቢያዩ፣ ቢታገሡ ለውጥ የለም፤ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሯቸው አስጠሯት።

«ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከወረዳ ሱፐርቫይዘር ይመጣል» አሏት። «ልጆቹ ብድግ ብለው ‹እንደምን አደሩ› ካሉ፣ እሰየው። ካላሉ ግን ልምጩ ወደ ክፍል ይመለሳል። በቃ።»

የሻረግ ወደ ክፍል ሮጠች። የፈለገችው አንድ «እንደምን አደሩ» ብቻ ነው። እሱንም ከኤልዳና አፍ ካገኘች ሌላው ራሱ ይመጣል። ኤልዳና በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። እሷ ስትስቅ ክፍሉ ይስቃል፤ እሷ ስታስነጥስ ክፍሉ ያስነጥሳል።

«ኤልዳናዬ፣ እንግዳ ሲመጣ ብድግ ብለሽ ‹እንደምን አደሩ› ትያለሽ አይደል?»

«አልነሳም።»

«ለምን የኔ እናት?»

«ብነሳ ያቤጽ ቦታዬን ይቀማኛል።»

የሻረግ ወደ ያቤጽ ዞረች። ያቤጽ ከኤልዳና ጎን ወንበር አለው፤ ግን አይቀመጥበትም። አጠገቡ ቆሞ የኤልዳናን ወንበር እንደ ድመት ይጠብቃል።

«ያቤጽ፣ አንተ ካልተቀመጥክ ኤልዳና አትነሳም፤ ኤልዳና ካልተነሳች ማንም አይነሳም። በል የኔ ጌታ፣ ወንበርህ ላይ ቁጭ በል።»

«እምቢ ቲቸር። የኔ ወንበር ይነክሳል።»

ብሎ ዞረና ሱሪውን አሳያት። መቀመጫው ላይ ሁለት ቦታ ተቀዷል። ወንበሩን ብታይ እውነትም አንድ ሚስማር አናቱን አውጥቶ ቆሟል። በጣቷ ነካ ብታደርገው እሷንም ነከሳት።

ጣቷን እየመጠጠች ወደ ግቢው በር ወጣች፤ ወደ ዘበኛው ወደ ጋሽ ተገኝ።

«ጋሽ ተገኝ፣ እርስዎ ሚስማሩን ካልመቱት ወንበሩ መንከስ አይተውም፤ ወንበሩ ካልተወ ያቤጽ አይቀመጥም፤ ያቤጽ ካልተቀመጠ ኤልዳና አትነሳም፤ ኤልዳና ካልተነሳች ማንም አይነሳም። እባክዎ ይምቱልኝ!»

«በምኔ ልምታው?» አሉ ጋሽ ተገኝ። «በግንባሬ? መዶሻው በእትዬ አልጣሽ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሦስት ቀን ለመንኳቸው፤ አልሰጥም አሉኝ።»

እትዬ አልጣሽ የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። ከጓሮ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የሣጥኑ ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፊታቸው ደግሞ ከሣጥኑ ይልቅ ተቆልፏል።

«እትዬ አልጣሽ፣ እርስዎ መዶሻውን ካልሰጡ ጋሽ ተገኝ ሚስማር አይመቱም፤ ሚስማሩ ካልተመታ ወንበሩ መንከስ አይተውም፤ ወንበሩ ካልተወ ያቤጽ አይቀመጥም፤ ያቤጽ ካልተቀመጠ ኤልዳና አትነሳም፤ ኤልዳና ካልተነሳች ማንም አይነሳም። በሞቴ!»

«አፈር ስሆን፣ አንቺማ ምን አደረግሽኝ» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ነገሩ ከንብረት ክፍሉ ልጅ ጋር ነው፤ ከልዑልሰገድ ጋር። እኔ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቱን እበልጣለሁ። እሱ ግን ‹አንቺ አልጣሽ፣ ነይ! አንቺ አልጣሽ፣ ሂጂ!› ይለኛል። እሱ ‹አንቱ› እስኪለኝ ድረስ ከዚህ ሣጥን እንኳን መዶሻ፣ ትንኝ አይወጣም!»

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። የሻረግ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ንብረት ክፍል በረረች። ልዑልሰገድ የጠመኔ ካርቶን ይቆጥር ነበር።

«ልዑልሰገድ፣ አንተ ‹አንቱ› ካላልካቸው እትዬ አልጣሽ መዶሻ አይሰጡም፤ መዶሻው ካልተሰጠ ጋሽ ተገኝ ሚስማር አይመቱም፤ ሚስማሩ ካልተመታ ወንበሩ መንከስ አይተውም፤ ወንበሩ ካልተወ ያቤጽ አይቀመጥም፤ ያቤጽ ካልተቀመጠ ኤልዳና አትነሳም፤ ኤልዳና ካልተነሳች ማንም አይነሳም። አንዲት ‹አንቱ› ምን ታደርግሃለች?»

ልዑልሰገድ የያዘውን ካርቶን ጣል አደረገው።

«በዚህ ግቢ እኔን ማን አከበረኝ? ዳይሬክተሩ ‹ማሙሽ› ነው የሚሉኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው! ባለፈው ልጄ ፊት ‹ማሙሽ› አሉኝ። ማታ ቤት ስገባ ልጄ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ማሙሽ፣ ራት ቀርቧል!› እሳቸው ‹አቶ› ይበሉኝ፤ እኔም ለሁሉም ‹አንቱ› እላለሁ። ለድመቷም ጭምር።»

የሻረግ እንደገና ሮጠች። የዳይሬክተሩ ቢሮ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ጋሼ... እርስዎ ‹አቶ› ካላሉት... ልዑልሰገድ ‹አንቱ› አይልም፤ ‹አንቱ› ካላለ እትዬ አልጣሽ መዶሻ አይሰጡም፤ መዶሻው ካልተሰጠ ጋሽ ተገኝ ሚስማር አይመቱም፤ ሚስማሩ ካልተመታ ወንበሩ መንከስ አይተውም፤ ወንበሩ ካልተወ ያቤጽ አይቀመጥም፤ ያቤጽ ካልተቀመጠ ኤልዳና አትነሳም፤ ኤልዳና ካልተነሳች ማንም አይነሳም!»

አቶ ምሕረቴ ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ሰደዱና ልምጩን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ያንቺ መንገድ ረጅም ነው» አሉ። «ይቺ ግን አጭር ናት። ሃያ ደቂቃ ቀርቶሻል። ያዢ።»

የሻረግ ልምጩን አየችው። እንባዋ መጣ። ግን አልነካችውም።

«ጋሼ፣ በድፍረት አይዩብኝና፣ እርስዎን በልጅነትዎ ማን ነበር ያስተማረዎት?»

«መምህር ቸኮል። ወይ ዱላቸው! ገና ጥላቸው ሲታይ ነበር ብድግ የምንለው።»

«አሁን መንገድ ላይ ቢያገኟቸውስ?»

አቶ ምሕረቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ መስኮቱ አዩ፤ ወደ ጣራው አዩ።

«ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አየኋቸው» አሉ በመጨረሻ። «አርጅተዋል። ዘንቢል ከብዷቸው ቆም እያሉ ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ዘንቢሉን ተቀበሏቸው?»

«ተደበቅሁ።»

«ምን አሉ?»

«ተደበቅሁ አልኩሽ! የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ከብርድ ልብስ ክምር ጀርባ!»

ከዚያ የአቶ ምሕረቴ ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ፤ የሻረግ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ለካስ እየሳቁ ነው። ስቀው ስቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና ብድግ አሉ።

«ማሙሽ የታለ?» አሉ። ወዲያው ራሳቸው ሰሙት። ቃሉ አፋቸው ውስጥ እንደ ትኩስ ንፍሮ ተገላበጠ። «ማለቴ... አ... አቶ... አቶ ልዑልሰገድ የታሉ?»

ከዚያማ ምኑ ይወራል! አቶ ምሕረቴ ንብረት ክፍል ድረስ ሄደው «አቶ ልዑልሰገድ፣ እንደምን አደሩ» አሉ፤ ልዑልሰገድ ካርቶኑን ረግጦ ወደ ጓሮ ሮጠና «እትዬ አልጣሽ፣ እንደምን አደሩ፤ እስከ ዛሬ ስላጠፋሁት ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ እትዬ አልጣሽ ከባልዲው ተነስተው መዶሻውን ሰጡ፤ ጋሽ ተገኝ ሚስማሩን ቋ! ቋ! አደረጉት፤ ወንበሩ መንከሱን ተወ፤ ያቤጽ አንዴ በእጁ ዳሰሰ፣ አንዴ በጉልበቱ ሞከረ፣ ከዚያ ቁጭ አለ።

ቁጭ ከማለቱ በሩ ተከፈተ።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ ጌታሰው ገቡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከያዙት ደብተር አልተነቀለም። በሩ አጠገብ ባገኙት የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና መጻፍ ጀመሩ።

የሻረግ ወደ ኤልዳና አየች። ኤልዳና ወደ ያቤጽ አየች። ያቤጽ የራሱን ወንበር በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

ኤልዳና ብድግ አለች።

«እንደምን አደሩ!»

ሠላሳ ዘጠኝ ወንበር ተንኳኳ። «እን-ደ-ምን አ-ደ-ሩ!» ክፍሉ ተናጋ።

«እሺ፣ እሺ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ጌታሰው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ሁሉም ተቀመጠ። ኤልዳና ግን እንደ ቆመች ቀረች።

«ተቀመጪ እንጂ የኔ ልጅ።»

«እርስዎ አልተነሱም» አለች ኤልዳና፣ በጣም በትህትና። «ይነሱ፤ ግድ የለም፣ ቦታዎን ማንም አይቀማዎትም።»

የሻረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በር ላይ የቆሙት አቶ ምሕረቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሳቸው ጀርባ ልዑልሰገድ፣ እትዬ አልጣሽና ጋሽ ተገኝ አንገታቸውን አስግገዋል።

አቶ ጌታሰው ደብተራቸውን ዘጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አርባውን ልጅ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ትንሿ ወንበርም ከኋላቸው ተጣብቃ አብራ ተነሳች። ከወንበሯ ጋር እንደ ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉና ጎንበስ አሉ።

«እንደምን አደራችሁ ልጆች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች ኤልዳና፤ ከዚያም ተቀመጠች።

የሰማችሁ ላልሰማ አውሩ፤ ስታወሩ ግን አንድ ሰው እንዳትዘሉ፣ ይቀየማል።