ከዋጋው በፊት በቅሎውን

ነጋድራስ ድልነሳሁ፣ ባላምባራስ ወልደ ጻድቅ፣ ነጋድራስ እንግዳሸት፤ እነዚህ የሲራራ ንግድ አባቶች አንድ ሕግ ነበራቸው። ጨው ወይም ቡና ጭነው ከሩቅ አገር ገበያ ሲደርሱ፣ ጭነቱ ሳይራገፍ፣ በቅሎው ውኃ ሳይጠጣ፣ ዋጋ አይጠሩም። ገዢው ቢለምን አይጠሩም። ጥሎ ለመሄድ ቢያስፈራራም አይጠሩም! ስለ ምን? በቅሎው የተጠማበት ነጋዴ በበቅሎው ጥም ይሸጣልና።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ሕግ በልባችሁ ያዙ።

በእኛ ዘመን ደግሞ አንድ ጎልማሳ ነበረ፤ ይድነቃቸው ይባላል። አግብቶ ጎጆ ለመውጣት ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ አክሲዮን ላይ አዋለው። የገዛው ዋጋው ሲንር፣ ሰው ሁሉ ሲሻማ አይቶ ነው እንጂ ፋብሪካውን በዓይኑ አላየም፤ ሥራውን አልጠየቀም። የነጋድራስ ድልነሳሁ የልጅ ልጅ የሆኑት አጎቱ አቶ ዘውገ፣ «በቅሎህን አጠጥተሃል?» ቢሉት፣ «ጋሼ፣ እኔ በታክሲ ነው የመጣሁት!» ብሎ ሳቀባቸው።

ወራት አለፉ። ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ዋጋው ቁልቁል ይወርድ ጀመር። ይድነቃቸው ወደ አክሲዮን አሻሻጩ ቢሮ ሲሮጥ፣ አቶ ዘውገን ከዋጋው ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠው አገኛቸው። የእርሳቸውም ጥሪት በዚያው ፋብሪካ ነበረ።

«ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ? ቤቱ እየተቃጠለ!»

«ጭሱን ማን አየው?»

«ሰው ሁሉ እየሸጠ ነው እኮ!»

«ሰው ሁሉ ሲገዛም ገዝተህ ነበር። እኔ ትናንት ፋብሪካው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። ወፍጮው ይፈጫል፤ መኪኖቹም ተሰልፈው ይጭናሉ። ወፍጮው ከቆመ እሸጣለሁ፤ ወሬ ስለ ተፈጨ ግን አልሸጥም።»

«እርስዎማ ልብዎ ድንጋይ ነው! ሠርግ ያለብኝ እኔ ነኝ!» አለና የሽያጩን ትእዛዝ ሊፈርም እስክሪብቶ አነሣ።

«ንብረቱ ያንተ ነው፣ ሽጠው» አሉ ሽማግሌው። «ብቻ አስቀድመህ ደግፈህ አስነሣኝ።»

እጃቸውን ያዘ። እጃቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ እንደ ሸንበቆም ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ... ይፈራሉ እንዴ?»

«የዕድሜ ልክ ጥሪቴ ነው፤ እንዴት አልፈራ? እጄ ይንቀጥቀጥ፤ እንዲፈርም ግን አልፈቀድሁለትም።»

ምድር እየተናወጠች ከስፍራው ፈቀቅ እንደማይል ተራራ፣ ሽማግሌው እንዲሁ ሆነው ለይድነቃቸው ታዩት። ጸጥታ ናት ያላት ነገር ለካ ጦርነት ኖራለች! ያውም ድምፅ የሌለው፣ በአንድ ሽማግሌ ደረት ውስጥ የሚካሄድ ጦርነት።

ከዚያስ ዋጋው ወጣ ወይስ ወረደ? ትሉ ይሆናል። አይነገራችሁም። ቢነገራችሁ ትርፉን ታደንቁና ሰውየውን ትረሳላችሁ።

ይልቅስ ራሳችሁን ጠይቁ። ከእናንተ መካከል በደስታው ስካር ቃል የገባ፣ በፍርሃቱ የፈረመ ማን ነው? ትዳሩን በአንድ ቀን ቁጣ የሸጠ፣ ወንድሙን በአንድ ወሬ የለወጠ ማን ነው? በቅሏችሁ ተጠምቶ ሳለ ስንት ጊዜ ዋጋ ጠራችሁ?

ፍርሃት አይምጣብኝ ብላችሁ አትድከሙ፤ ይመጣል። ሲመጣም ጭነቱን አራግፉለት፤ ውኃ አጠጡት። ብዕሩን ግን አትስጡት!

ይድነቃቸውም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የአጎቱን እጅ ሳይለቅም አንገቱን ደፍቶ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚታገሡት ስለማይፈሩ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ተሳስቻለሁ።»